ቢልጫ ወደ ጉማራ ሲወጣ

ባሕር ዳር ዓሣ የሚሸጥበት ቦታ ቆማችሁ «ምን አላችሁ?» ብትሉ መልሱ ሦስት ስም ነው፦ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ቢልጫ። ቆሮሶ አንድ ዝርያ ነው። አምባዛም እንዲሁ። ቢልጫ ግን አንድ ዓሣ አይደለም፤ በአንድ ስም የሚጠራ ቤተ ዘመድ ነው። በሳይንስ ስሙ ላቢዮባርበስ የሚባለው ይህ ወገን ጣና ላይ ብቻ ከ15 በላይ ዝርያ አለው፤ አብዛኞቹም ከጣናና ከገባሮቹ ውጭ የትም አይገኙም። ገበያው አንድ ዋጋ ስለሚሰጣቸው፣ መዝገቡም በአንድ ዓምድ ስለሚደምራቸው፣ ከመካከላቸው አንዱ ቢጠፋ የጎደለው ማን እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም።

ከአፍ እንጀምር። ቢልጫ ስትገዙ ጭንቅላቱ እንዳይጣል ንገሩና ሁለት ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አፉ ወደ ታች ያዘነበለ፣ ከንፈሩ ወፍራምና ሥጋማ የሆነው ነድጊያ ነው፤ ጭቃ ውስጥ የተቀበሩ የነፍሳት እጮችን እየዳሰሰ ይለቅማል። የታችኛው ከንፈሩ እንደ ጥፍር የጠነከረና ጠርዙ የሰላው ቤሶ ነው፤ ድንጋይ ላይ የሚያዳልጠውን አረንጓዴ አልጌ ይፍቃል። አፉ ሰፊ፣ ግንባሩ ጠፍጣፋ፣ ሰውነቱ ቀጠን ረዘም ያለ ከሆነ ዓሣ በል ነው፤ ከነዚህ አንዱ ሜጋስቶማ ይባላል፣ «ትልቅ አፍ» ማለት ነው፤ ሌላው አኩቲሮስትሪስ ነው፣ «ሹል አፍንጫ»። አጠር ያለ ጭንቅላት ያለው ትንሹ ብሬቪሴፋለስ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን እንስሳትን ይበላል። ሱርኪስ የውሃ ዳር ተክል ይወዳል። ኢንተርሚዲየስ ደግሞ ያገኘውን የሚበላ፣ ምንም የተለየ ምልክት የሌለው ነው፤ በሌሎች የኢትዮጵያ ወንዞችና ሐይቆች የምናገኘውም እሱኑ ነው።

አሁን ጣታችሁን አፉ ውስጥ አስገቡ። ጥርስ የለም። የሁሉም ጥርስ ያለው ጉሮሮ ውስጥ ነው። ለማየት የጉንጩን ክዳን አንሡና ዓሣው ከሚተነፍስበት ከመጨረሻው ስንጥብ በስተኋላ እንደ ማጭድ የጎበጠውን አጥንት በቢላ ጫፍ ዙሪያውን ፈልቅቃችሁ አውጡ፤ ግራና ቀኝ ጥንድ ነው። በእጅ አትጎትቱት፣ ጥርሶቹ ይሰበራሉ። ጥቂት ደቂቃ ቀቅላችሁ ሥጋውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስታራግፉት በየአጥንቱ ላይ ሦስት ረድፍ ታያላችሁ፤ 5፣ 3 እና 2 ጥርስ። ዓሣ በሎቹ ላይ ጥርሶቹ ቀጫጭን ናቸው፣ ጫፋቸውም ተቆልምሟል። ስሙን ከጎርጎራ ያገኘው ጎርጎሬንሲስ ላይ ግን እንደ መንጋጋ ደልዳላ ናቸው፤ ቀንድ አውጣ ይሰብርባቸዋል። ሆዱንም ክፈቱ። ጨጓራ የሚባል ነገር አታገኙም፤ ከጉሮሮ ጀምሮ ቱቦ ብቻ ነው። ዓሣ በል ከሆነ አንጀቱ አጭር፣ ተክል በል ከሆነ ረጅምና የተጠማዘዘ ነው።

አፉ ውስጥ ጥርስ የሌለው፣ ጨጓራም የሌለው ዓሣ ሌላ ዓሣ አሳዶ መብላቱ በዓለም ላይ እምብዛም ያልተለመደ ነገር ነው። ጣና ላይ ግን ስምንት ያህል ዝርያዎች ይህንኑ ያደርጋሉ። ነክሰው መያዝ ስለማይችሉ የሚውጡት ጉሮሯቸው የሚያሳልፈውን ትንንሽ ዓሣ ብቻ ነው፤ በተለይ ከባሕሩ መሀል የማይለየውንና ከጣት የማይረዝመውን ባርበስ ታናፔላጂየስ። ምክንያቱን ለማየት ወደ ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል መውረድ ነው። 40 ሜትር ከፍታ ያለውን ፏፏቴ ናይል ፐርች የሚባለው ትልቅ ዓሣ በል ዓሣ ሊወጣው አልቻለም። ሌሎቹም የታችኛው ዓባይ አዳኞች እንዲሁ። ስለዚህ ላይኛው ሐይቅ ውስጥ የአዳኙ ወንበር ባዶ ነበር፤ ቢልጫም ሁሉንም ወንበር ያዘ፤ ፋቂውን፣ ለቃሚውን፣ አጣሪውን፣ አሳዳጁን። የኔዘርላንድ የዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከዓሣ አጥማጆች መረብ የወጡትን እየለኩ ዝርያዎቹን ለይተው ባያሳዩን ኖሮ፣ ዛሬም ሁሉም «አንድ ቢልጫ፣ መልኩ የሚለያይ» ተብሎ ይቀር ነበር። አንድ ዓይነት ታሪክ የነበረው ሌላው ትልቅ ሐይቅ ፊሊፒንስ ውስጥ የሚገኘው ላናዎ ነው። የዚያ ሐይቅ ተመሳሳይ ዓሦች ከውጭ በገቡ ዓሦችና ከልክ ባለፈ ማጥመድ ምክንያት አብዛኞቹ ጠፍተዋል። የቀረው የጣናው ነው።

የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚኖሩበት ቦታ ለዓሣ አስቸጋሪ አይደለም። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፣ አማካይ ጥልቀቱ ግን 8 ሜትር፣ ትልቁም 14 ሜትር ገደማ ነው፤ እንደ ትሪ ያለ ባሕር በሉት። (የዳር ዳሩ ሰው ሐይቅ አይለውም፣ ባሕር ነው የሚለው፤ የከተማዋም ስም ከዚያው ነው።) አንዳንዱ ዝርያ ድንጋያማ ዳርቻ፣ አንዳንዱ ጭቃማ ወለል፣ አንዳንዱ መሀል ውሃ ይመርጣል፤ ተበታትነው ስለሚኖሩ አንድ መረብ ሁሉንም አያገኛቸውም። ችግሩ የሚመጣው ክረምት ሲገባ ነው።

ጉና ላይ ዝናብ ሲበረታ ጉማራና ርብ ደፍርሰው ወደ ባሕሩ ይገባሉ፤ ከአፋቸው ላይ ቡናማው ውሃ በአረንጓዴው ላይ እንደ ምላስ ተዘርግቶ ከጀልባ በግልጽ ይታያል። መገጭ በሰሜን፣ ግልገል ዓባይ በደቡብ እንደዚያው። እነዚህ አራት ወንዞች ወደ ጣና ከሚገባው የወንዝ ውሃ ከ90 በመቶ በላይ ያመጣሉ። ከሐምሌ ጀምሮ ሰባት ወይም ስምንት የቢልጫ ዝርያዎች፣ ሜጋስቶማ፣ አኩቲሮስትሪስ፣ ብሬቪሴፋለስ፣ ትሩቲፎርሚስ፣ ማክሮፍታልመስ፣ ፕላቲዶርሰስ፣ ጻኔንሲስ፣ ከመላው ባሕር ተነሥተው እዚያ ቡናማ ምላስ ላይ ይሰበሰባሉ። ጥቂት ይቆያሉ፤ ጎርፉ ሲያይል ወደ ላይ ይነሣሉ። ዋናው ወር ነሐሴና መስከረም ነው፣ እስከ ጥቅምትም ይዘልቃል። ሁሉም በአንድ ቀን አይመጡም፤ አንዱ ዝርያ ቀደም፣ ሌላው ዘግየት ይላል። ይህ የሳምንታት ልዩነት ዝርያዎቹ እንዳይደባለቁ ከሚያደርጓቸው ነገሮች አንዱ ነው።

ጉማራ ራሱ መድረሻቸው አይደለም፤ መንገድ ነው። ዋናው ወንዝ በክረምት ጭቃ ተሸክሞ ስለሚወርድ እንቁላል አያሳድግም። ዓሦቹ ወደ ትንንሾቹ ገባሮች ይታጠፋሉ፤ ውሃው ከጉልበት የማይበልጥ፣ ጥርት ያለ፣ ጠጠር ላይ እየተንሿሿ የሚወርድ መሆን አለበት። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ይገባል። እዚያ ከአዳኝ ይደበቃል፣ በጠጠሩ ቀዳዳ የሚያልፈው ውሃም ኦክስጅን ያመጣለታል። አንድ ጎርፍ ደለል ይዞ መጥቶ የጠጠሩን ቀዳዳ ከደፈነ እንቁላሉ አይታጠብም፣ አይበላምም፤ ታፍኖ ይሞታል። ከላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ ጠጠሩ ጠጠር ነው። የተፈለፈሉት ጫጩቶች ከውሃው ጋር ወርደው በዋናው ወንዝ ኩሬዎች ውስጥ ያድጋሉ፣ ከዚያም ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይገባሉ።

ከመላው ባሕር የሚመጣ ዓሣ ሁሉ በጥቂት ወንዞች አፍ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያልፋል ማለት ነው። በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ የሚሠራው የገበያ ማጥመድ በ1986 (እ.ኤ.አ.) ጣና ላይ ሲጀመር አጥማጁ ይህን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም፤ በየትኛው ወር የት ቢዘረጋ መረቡ እንደሚከብድ ባሕሩ ራሱ ነገረው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 (እ.ኤ.አ.) ባለው አሥር ዓመት ውስጥ በተደረገ የናሙና ማጥመድ የትልልቆቹ ቢልጫዎች ክብደት በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሶ ተገኘ፤ የትንንሾቹ መቀነስ ከዚያም ይብሳል። ትንንሾቹን ማንም አላጠመዳቸውም፤ ትልቅ ዓይን ያለው መረብ አይዛቸውም። እናቶቻቸው ወንዝ አፍ ላይ ስለቀሩ ነው ያልተወለዱት። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ኒንጉ የሚባለው፣ እንዲሁ ወንዝ እየወጣ የሚራባው ዓሣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የደረሰበት ይኸው ነው፤ ወንዝ አፍ ላይ መረብ ተዘረጋ፣ ከዚያ ዓሣው እንደ ገበያ ዓሣ አከተመ።

እዚህ ላይ ስለ መረብ ዓይን የሚባለው ብዙ ጊዜ ይዛባል። መለኪያው ራሱ ሁለት ነው። አንዱ ሻጭ ከቋጠሮ እስከ ቀጣዩ ቋጠሮ ለክቶ «5» ይላል፤ ሌላው ያንኑ መረብ ወጥሮ «10» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ትክክለኛው አለካክ መረቡን ማርጠብ፣ አሥር ዓይኖችን በተርታ ወጥሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ መለካትና ለአሥር ማካፈል ነው፤ አንድ ዓይን ብቻ ከለካችሁ የቋጠሮው ውፍረት ያሳስታችኋል። ሰፊ ዓይን ያለው መረብ መሀል ባሕር ላይ ጥሩ ነገር ነው፣ ያልደረሰውን ያሳልፋል። ወንዝ አፍ ላይ ግን ይህ ጥቅም የለም። እዚያ የሚያልፈው ሁሉ የደረሰ ነው፤ ዓይኑ በሰፋ ቁጥር የምትያዘዋ እናት ትልቋና ብዙ እንቁላል የያዘችው ናት። ስለዚህ «እኔ ሰፊ መረብ ነው ያለኝ» ማለት ነሐሴ ላይ መልስ አይሆንም።

ሞኖፊላመንት የሚባለው ባለ ነጠላ ክር ቀጭን መረብ የራሱ ጣጣ አለው። ርካሽ ነው፣ ውሃ ውስጥ አይታይም፣ በቶሎ ይቀደዳል፤ ሲቀደድም መጠገኑ ስለማያዋጣ እዚያው ይጣላል። የተጣለ መረብ አይበሰብስም። ዓሣ መያዙን ይቀጥላል፣ የያዘውንም የሚያነሣው የለም፤ ዓሣ አዳኝ ወፎችም ሬሳውን ሊለቅሙ መጥተው ይጠላለፉበታል።

ከወንዝ አፍ ያመለጠው ዓሣ ገባሮቹ ላይ ሌላ ይጠብቀዋል። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲጨመር ዓሣው በስንጥቡ የሳበውን ኦክስጅን ሰውነቱ እንዳይጠቀምበት ያደርጋል። መርዙ ትልቁን ከትንሹ አይለይም፤ ኩሬ ውስጥ ያለውን ጫጩትና ጫጩቱ የሚበላውን ነፍሳት ጭምር ይጨርሳል፤ ለአንድ ማዳበሪያ ዓሣ የዓመቱን ልደት መክፈል ነው። በመርዝና በፈንጂ ማጥመድ በአዋጅ ቁጥር 315/1995 ዓ.ም. የተከለከለ ነው፤ ሰው የማይደርስበት ገባር ውስጥ ግን አዋጁን የሚያነብ የለም።

ዓሣን የሚጎዳ ሁሉ አጥማጅ አይደለም። ለባሕር ዳር ፎቅ የሚሆን አሸዋና ጠጠር ከወንዝ ሆድ ሲጫን የሚሄደው የዓሣው መኝታ ነው። ሲኖትራኩ የሚገባበት መንገድ ደግሞ ወንዙን ወደ ታች ያደፈርሳል። ፎገራ ላይ ከጥር እስከ ግንቦት ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያጠጣው ሞተር ወንዙን እስከ ኩሬው ይመጠዋል። በዚያ ወር ኩሬው ውስጥ ያለው ባለፈው ክረምት የተፈለፈለው ትንሽ ቢልጫ ነው። በዚህ ላይ ገበሬን መውቀስ ቀላል ነው፣ ግን ሁለት ነገር ብቻ ቢደረግ ብዙ ይተርፋል። አንደኛ፣ የመምጠጫውን ቱቦ አፍ በድንጋይ በተሞላ ቅርጫት ውስጥ ማስገባት፤ ተራ ወንፊት ብቻ ከሆነ ቅጠል ይደፍነዋል፣ ሞተሩ ይታፈናል፣ ባለቤቱም በማግሥቱ ነቅሎ ይጥለዋል። ቅርጫቱ ግን ውሃውን በዙሪያው ስለሚስብ ጉልበቱ ይከፋፈላል፣ ጫጩቱ ሊያመልጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ ጥልቁን ኩሬ ሳይነኩ መተው፤ ሁሉንም ሳይሆን በየመንደሩ አንዱን፣ ወገብ የሚደርስ ውሃ ያለው፣ ዛፍ የሚያጠላበት።

ግድብ ሲሠራ ሁለት ነገር ይቆማል፦ ወደ ላይ የሚሄደው ዓሣና ወደ ታች የሚሄደው ጠጠር። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፣ የነሐሴው ጎርፍ። ዓሣው ለመነሣት ምልክቱ ያ ነው፤ ውሃው ተይዞ በበጋ ቀስ እያለ ከተለቀቀ አፉ ላይ የተሰበሰበው ዓሣ የጥሪውን ድምፅ አይሰማም። ርብ ላይ ያለውን ግድብ ለሚያስተዳድር ሰው የዓሣ ጉዳይ ማለት የሚለቀቀው ውሃ መጠን ብቻ ሳይሆን የሚለቀቅበት ሳምንት ነው። ለመስኖ በየገባሩ የሚሠራው ትንሹ የሲሚንቶ ክትርም ያው ነው። ዓሣ ለመዝለል ከታቹ ጥልቅ ውሃ ይፈልጋል፤ ክትሩ ሥር ደረቅ ሲሚንቶ ወለል ካለ ግማሽ ሜትር እንኳ ግንብ ይሆንበታል። ከጎኑ በድንጋይ የተደረደረ ዝቅ ያለ መተላለፊያ መተው ከሥራው በፊት ቢታሰብ ከባድ ወጪ አይደለም። ከሥራው በኋላ ግን ማንም አያፈርሰውም።

ቆሮሶና አምባዛስ? እነሱም በክረምት አካባቢ ነው የሚራቡት፤ «ክረምት ላይ ቢልጫ ትታችሁ ቆሮሶ ብሉ» ስል ሰው ይህን እያነሣ ይሞግተኛል። ልዩነቱ ቦታው ነው። የቆሮሶ ወንድ በዳርቻው ሁሉ፣ ደንገልና ፊላ ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ወለሉን ቆፍሮ ጎጆ ይሠራል፤ ሴቷ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፣ ጫጩቶቹም አደጋ ሲያዩ ወደ አፏ ይመለሳሉ። አንድ ቦታ ላይ ተሰብስቦ የሚያልቅ ዓሣ አይደለም። አምባዛ አየር ከላይ መተንፈስ ስለሚችል ጎርፍ ወዳለበሰው ሜዳ፣ እንደ ሸሸርና ወለላ ወዳሉ ረግረጎች ይወጣል። የሁለቱም ጠላት ሌላ ነው፤ የዳርቻው መራቆት። ባሕር ሸሽ ላይ እርሻ በገፋ ቁጥር ደንገሉ ይታረሳል፣ ረግረጉ ይጠነፍፋል። ጨረጨራ ላይ በ1996 (እ.ኤ.አ.) የተሠራው ግድብ ከቆመ በኋላ የባሕሩ ከፍታ በሰው እጅ ነው፤ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ውሃው ክፉኛ ሲሸሽ ጫጩት የሚያድግበት ዳርቻ ደርቆ ነበር፣ እርሻውም ተከትሎ ገባ። እምቦጩ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ያመጣውን ሁሉም ስለሚያውቀው ብዙ አልልም። ሲበሰብስ ከሥሩ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ተነቅሎ ዳር ላይ ከተቆለለና ዝናብ መልሶ ካስገባው ደግሞ ድካሙ ከንቱ ነው፤ ከነቀሉ ጎርፍ ከማይደርስበት ማራቅ ነው።

ገዢው ምን ያድርግ? ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ቢልጫ ሲቀርብላችሁ ሆዱን ከፊት ወደ ኋላ በአውራ ጣት ለስለስ አድርጋችሁ ጫኑት። ቢጫማ ፍሬ ከወጣ ሴት ናት፣ ነጭ ወተት መሳይ ከወጣ ወንድ ነው፤ ሁለቱም ወንዝ ሊወጡ ሲሉ ወይም እየወጡ ሳሉ የተያዙ ናቸው። አትግዙት። ሻጩን መሳደብም አያስፈልግም፤ ካልተሸጠለት በሚቀጥለው ሳምንት አያመጣውም። ግን ጥንቃቄ፦ የተላጠና ሥጋው ብቻ የቀረበ ዓሣ ከሆነ ይህ ሁሉ ፈተና አይሠራም፤ ለዚህም ነው በእነዚህ ወራት ዓሣ ሙሉውን መግዛት የሚሻለው። ደርቆ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚሄደውንማ ማን ይጫነዋል።

ለአጥማጁ የማቀርበው መለኪያ በኪሎ ሜትር አይደለም፤ ነሐሴ ላይ ጂፒኤስ ይዞ የሚቀዝፍ የለም። ቡናማው ምላስ እስከሚያበቃበት ድረስ አትዘርጋ፤ መስመሩ ለታንኳም ለሞተር ጀልባም ይታያል። ወንዙ ሲሞላ ይሰፋል፣ ሲጎድል ይጠባል፣ ዓሣውም ከእሱ ጋር ነው የሚንቀሳቀሰው። ከዚያ ውጭ ለዘረጋው ደግሞ መረቡን ሌሊቱን ሙሉ ትቶ ረፋድ ላይ ከማንሣት ጎሕ ሲቀድ ማንሣት ይሻላል። እንቁላል የያዘች በሕይወት ከተገኘች እጅን አርጥቦ ከጭንቅላቷ በኩል ማሾለክ፤ በስንጥቧ ጎትቶ ማውጣት ገድሎ መልቀቅ ነው። ክሩ ከስንጥቡ ሥር ከገባ አንዱን ዓይን በምላጭ መቁረጥ ይሻላል፤ አንድ ዓይን በኋላ ይጠገናል።

ገባሮቹ አካባቢ የምትኖሩ ደግሞ ጠጠሩ መደፈን አለመደፈኑን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። በመስከረምና በጥቅምት አትግቡበት፣ እግር እንቁላሉን ይደፈጥጠዋል፤ ከብትም በአንድ መሻገሪያ ብቻ ይለፍ። ታኅሣሥ ላይ ውሃው ሲጠራ ግቡና ጠጠሩን በዱላ እስከ ስንዝር ጥልቀት ቆስቁሱት። የሚነሣው ድፍርስ አምስት እስክትቆጥሩ ድረስ ተጠርጎ ከሄደ መኝታው ደህና ነው። ወፍራም ጭቃ ተነሥቶ ክንድ ሙሉ ርቆ ከሄደና ዱላው ሲገባ እንደ ሊጥ ካጣበቀ፣ ከላይ የታረሰ ተዳፋት አለ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚፈለገው ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ እየሄዱ የትኛው ማሳ ያለ እርከን እንደቀረ ማየት ነው።